ማጣሪያው ራሱ ሲራገፍ፦ የኬንት ሲጋራ ጉዳይ

ማርች 1952 ላይ ሎሪላርድ የተባለው የአሜሪካ ትምባሆ ኩባንያ አዲስ ሲጋራ ገበያ ላይ አወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ስሙ ኬንት ነው። ስያሜው የኩባንያው የቀድሞ ኃላፊ ከነበረው ከኸርበርት ኬንት የተወሰደ ነው። ሲጋራውን ለየት ያደረገው ትምባሆው አልነበረም፤ ጫፉ ላይ የተሰካችው ፊልተር ናት። "ማይክሮናይት" አሏት። በሲጋራ ታሪክ ለጤና እንዲህ የሚከላከል ወጥቶ አያውቅም እያሉ አስተዋወቁ። እንዲህ ያለው ማጣሪያ የሆስፒታል ቀዶ ጥገና ክፍሎችንና የአቶሚክ ማዕከላትን አየር እንደሚያጠራም ማስታወቂያው ይናገር ነበር።

ይህ የመጨረሻው ነገር ውሸት አልነበረም። ጣጣውም የመጣው ከዚያው ነው።

ፊልተሯ ውስጥ የተሸበሸበ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ላይ ደግሞ ክሮሲዶላይት አለ። ክሮሲዶላይት ሰማያዊ አስቤስቶስ ነው፤ ከድንጋይ የሚወጣ፣ ሲተነፍሱት ሳንባን የሚጎዳ ክር። በአንዲት ፊልተር ውስጥ 10 ሚሊግራም ያህል ይገኝ ነበር። እንግዲህ ሰውየው ሳንባዬን ላድን ብሎ ከሌላው ሲጋራ ወደ ኬንት ይቀይራል። ከዚያ በቀን 20 ጊዜ ከንፈሩን አስቤስቶስ ላይ አድርጎ ይስባል።

እኔ የምሠራው ከማጣሪያ ጋር ነው። የውሃ፣ የመኪና ፊልትሮ፣ አንዳንዴም የፋብሪካ። የደንበኛ ጥያቄ ሁሌ አንድ ነው፤ "ስንት ይይዛል?" ማጣሪያው ራሱ ምን ያራግፋል ብሎ የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም። የኬንትን ጉዳይ ደጋግሜ የማነሳው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ግን አስቤስቶስ ሲጋራ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ?

ማጣሪያ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ወንፊት ነው። ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ ትልቁ ይቀራል፣ ትንሹ ያልፋል። ጠላ በጨርቅ ስናጠልም የምናየው ይህንኑ ነው። ከክር የተሠራ የአየር ማጣሪያ ግን እንዲህ አይሠራም። በክሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ከአቧራው በብዙ እጥፍ ይሰፋል። አቧራው ቢፈልግ ዘና ብሎ ያልፋል። የሚይዘው ሌላ ነገር ነው። በመስከረም ጋቢ ለብሶ ሜዳ ያቋረጠ ሰው ቤቱ ሲደርስ ጋቢው ላይ ጭጎጎት ያገኛል። ጭጎጎቱ በጋቢው ቀዳዳ አልተጣራም፤ ሲነካው ተለጠፈ እንጂ። የአየር ማጣሪያም እንደዚያ ነው። አየሩ ክሩን ዞሮ ያልፋል። ከባዱ ቅንጣት መዞር ያቅተውና ይላተማል። በጣም ደቃቁ ደግሞ እንደ ሰካራም ሲንገዳገድ ክሩ ላይ ያርፋል። አንዴ ከነካ ቀረ።

አስቸጋሪው መሃል ያለው ነው። 0.3 ማይክሮን አካባቢ ያለ ቅንጣት (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ለመላተም ቀላል፣ ለመንገዳገድ ደግሞ ከባድ ነው። የሲጋራ ጭስ ቅንጣት በአብዛኛው የሚገኘው እዚያው አካባቢ ነው። እሱን ለመያዝ ዋናው መላ ክሩን ማቅጠን ነው። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። ክሮሲዶላይት ግን ሲሰነጠቅ ከአንድ ማይክሮን በታች ይወርዳል፤ አንዳንዱ እስከ አንድ አሥረኛው ድረስ። ያኔ ይህን ያህል የቀጠነ ክር በፋብሪካ መፍተል ቀላል አልነበረም። ድንጋዩ ግን ፈትሎ አስቀምጦታል። ለመሐንዲስ ዓይን ዕንቁ ነው።

ይህን ያወቁት ደግሞ ሲጋራ ሠሪዎች አይደሉም፤ ወታደሮች ናቸው። ኤፕሪል 22 ቀን 1915 ጀርመኖች ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር አጠገብ ክሎሪን ለቀቁ። ከዚያ በኋላ የጋዝ ጭንብል ሩጫ ሆነ። መጀመሪያ በኬሚካል የራሰ ጥጥና ፍላኔል ነበር። ቀጥሎ በልዩ ሁኔታ የተቃጠለ ከሰል በቆርቆሮ ተሞልቶ መጣ፤ ዛሬ አክቲቬትድ ካርቦን የምንለው። አንድ ግራሙ ውስጥ ያሉት ስንጥቆች ገጽ ቢዘረጋ እስከ 1,000 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ጋዝ እዚያ ገጽ ላይ ይለጠፋል። ጥሩ ሄደ። በጁላይ 1917 ግን ጀርመኖች ከአርሴኒክ የተሠራ ደቃቅ ጭስ አመጡ። ጭሱ ከሰሉን ጥሶ አለፈ። ጋዝ ሳይሆን ቅንጣት ነበረና። ከዚያ ወዲህ ጭንብል ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ለጋዙ ከሰል፣ ለጭሱ ክር።

(የጋዝ ነገር ከተነሳ፣ ጣሊያን በ1935 እና በ1936 እኛ ላይ ያዘነበው የሰናፍጭ ጋዝ ቆዳን የሚልጥ ነበር። ባዶ እግሩን ለሚዘምት ገበሬ የፊት ጭንብል ቢደርሰውም ግማሽ መፍትሔ እንኳ አይሆንም ነበር።)

የክሩ ታሪክ ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። በ1930 ሃንሰን የሚባል ዴንማርካዊ የሙጫ ዱቄት ከሱፍ ጋር አሸው። የሙጫው ቅንጣቶች ሱፉ ላይ ተጣብቀው የኤሌክትሪክ ሙል ያዙ፤ አቧራን እንደ ማግኔት መሳብ ጀመሩ። ክርና ቅንጣት ሥራ ሲከፋፈሉ ይኸውላችሁ። ክሩ ይሸከማል፣ ቅንጣቱ ይይዛል። ዛሬ የምንሸጣቸው ካርቦን የተነሰነሰባቸው ጨርቆች ሁሉ የዚህ ሐሳብ ዘመዶች ናቸው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ አስቤስቶስ ያለበት ወረቀት ጭንብል ውስጥ ገባ። ከተማረኩ የጀርመን ጭንብሎች የወጣው ወረቀት ወደ አሜሪካ ጦር ተላከ። አሜሪካኖቹ አስመስለው ሠሩት። የአቶም ቦምቡን በሚሠሩበት ቦታም የራዲዮአክቲቭ አቧራ እንዲይዝ አደረጉት። ከጦርነቱ በኋላም የአቶሚክ ማዕከላቱ ወረቀት ከአፍሪካ በመጣ ሰማያዊ አስቤስቶስና ኤስፓርቶ ከሚባል ሣር ይሠራ ነበር። ለጦሩ ይህን ወረቀት ከሚያመርቱት አንዱ ሆሊንግስወርዝ ኤንድ ቮዝ የተባለ የማሳቹሴትስ ወረቀት ፋብሪካ ነው። የኬንትን ፊልተርም የሠራው እሱ ነው። ማስታወቂያው እውነት ያወራ ነበር የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ጊዜውን ተመልከቱት። በ1950 አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ ሲጋራን ከሳንባ ካንሰር ጋር የሚያገናኙ ትልልቅ ጥናቶች ወጡ። አጫሹ ደነገጠ። በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ፊልተር ያለው ሲጋራ ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላ ግማሽ ገደማ ደረሰ። ድንጋጤ ገበያ ሆነ። ሎሪላርድ ያኔ እጁ ላይ የነበረው በቴክኒክ ከሁሉም የተሻለ ማጣሪያ ነው።

እንዲያውም ከልክ በላይ የተሻለ። አጫሾች አጉረመረሙ። ለመሳብ ያስቸግራል፣ ጣዕም የለውም አሉ። ጭሱን በደንብ ስለያዘ ማለት ነው። ኩባንያው ውሎ አድሮ ፊልተሩን አላላው። ማጣሪያ ስትሸጥ ይህ ሁልጊዜ ያጋጥማል። በደንብ የሚይዝ ማጣሪያ ያፍናል፤ ደንበኛው ደግሞ ሲያፍነው እንጂ ሲይዝለት አያይም።

ትልቁ ችግር ግን ሌላ ቦታ ነበር።

የቀዶ ጥገና ክፍል ማጣሪያ በፍሬም ተወጥሮ፣ ዳሩ ታሽጎ፣ ግድግዳ ወይም ጣሪያ ውስጥ ይቀመጣል። አየሩ ዝግ ብሎ፣ ሳይቆራረጥ ያልፋል። ሳይነካ ወራት ይከርማል። የሲጋራ ፊልተር ደግሞ እንደ ሻማ ከረዘመ ዘንግ ላይ እየተቆረጠ የሚወጣ ቁራጭ ነው። የተቆረጠው ጫፍ ክፍት ነው፤ ክሩ እዚያ ጋ ተበጥሶ ቆሟል። ይህ ክፍት ጫፍ አፍ ውስጥ ይገባል። በጣት ይጨመቃል፣ በምራቅ ይርሳል፣ በየደቂቃው ይሳባል። ላቦራቶሪዎች አንድን ስበት 35 ሚሊሊትር በ2 ሰከንድ ብለው ይለኩታል። ወረቀቱ ያው ወረቀት ነው፤ ኑሮው ግን ሌላ ነው። ግድግዳ ውስጥ አንድ ክር ቢላቀቅ ክፍሉ ሰፊ ነው። እዚህ ግን ቀጣዩ ማረፊያ ጉሮሮ ነው።

ኋላ በፍርድ ቤት ክርክር የወጡ ሰነዶች እንዳሳዩት በ1954 ጭሱ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታይቶ የአስቤስቶስ ክር ተገኝቶበታል። ሲጋራው ግን እስከ ሜይ 1956 መሸጡን ቀጠለ። በነዚያ አራት ዓመታት 13 ቢሊዮን ገደማ ኬንት ተጨሷል።

በ1995 ተመራማሪዎች ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሳይከፈቱ የተቀመጡ የኬንት ፓኮዎችን አገኙ። ከፍተው በማሽን አጨሷቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ስበቶች ብቻ ክሮሲዶላይት ወጣ። ሒሳቡን ሠሩት። በቀን አንድ ፓኮ የሚያጨስ ሰው በዓመት ከ131 ሚሊዮን በላይ ክር ይስባል፤ ያውም ከ5 ማይክሮን የሚረዝሙትን ብቻ ቆጥረው።

ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነበው እኔም በግምት አሰላሁ። 131 ሚሊዮን ክር ሰማይ ያህላል። ሚዛን ላይ ቢከመር ግን ከጥቂት ሚሊግራም አያልፍም። ያ ሰው በዚያው ዓመት ከ7,000 በላይ ሲጋራ ያጨሳል፤ ከዚያ የሚወጣው ታር (በጭሱ ውስጥ ያለው ዝፍት) ከ100 ግራም ይበልጣል። ያኔ የፊልተር ጥራት የሚለካው ታሩን በመመዘን ነው። ያለ ፊልተር ይህን ያህል፣ በፊልተር ይህን ያህል፣ ልዩነቱ ውጤት። በእንዲህ ያለ ሚዛን አስቤስቶሱ በጭራሽ አይታይም። መለኪያው "ስንት ያዘ?" ብሎ ይጠይቃል እንጂ "ምን ጨመረ?" አይልም። ያንን ለማየት ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። እነሱ ማይክሮስኮፕም ተጠቅመዋል፤ አይተዋልም። ለእኔ የጉዳዩ ከባዱ ክፍል ይህ ነው። አለማወቅን መረዳት ይቻላል። ካዩ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል መሸጥን ግን በምን ቋንቋ እንደማስረዳ አላውቅም።

አጫሾቹ ተበታትነው ስለነበር ማን በምን እንደሞተ መለየት ይከብዳል። የፋብሪካው ሠራተኞች ግን አንድ ቦታ ነበሩ። በ1953 ማሳቹሴትስ ውስጥ ይህን ፊልተር በሚሠራው ፋብሪካ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ 33 ወንዶችን ሐኪሞች ተከታተሉ። ውጤቱ በ1989 ታተመ። ከ33ቱ 28ቱ ሞተዋል። በእነሱ ዕድሜ ካለ ሰው ይሞታል ተብሎ የሚጠበቀው ስምንት ገደማ ነበር። በሕይወት ከቀሩት አምስቱ አራቱ አስቤስቶስ ሳንባቸውን አጠባብሶታል።

እንግሊዝም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ኖቲንግሃም ውስጥ በጦርነቱ ጊዜ የወታደር ጭንብል ይገጣጥሙ የነበሩ ሴቶች ከዓመታት በኋላ ሜሶቴሊዮማ በሚባል የሳንባ ሽፋን ካንሰር ሞቱ። ጭንብሉ ለወታደሩ ነበር። አቧራው የደረሰው ለእነሱ ነው። ይህ በሽታ ከክሮሲዶላይት ጋር በግልጽ የተያያዘው በ1960 በወጣ የደቡብ አፍሪካ ጥናት ነው። ማዕድኑ ከሚወጣበት ከሰሜናዊ ኬፕ አካባቢ የመጡ ሕመምተኞችን ያየ ነው። ብዛታቸው ያም 33 ነበር፤ ግጥምጥሞሽ ነው።

ሜሶቴሊዮማ ቸኩሎ አይመጣም። 30፣ 40 ዓመት ይጠብቃል። በ1950ዎቹ ኬንት ያጨስ የነበረ አንድ ሰው በ1990ዎቹ ታመመና ከሰሰ። በ1995 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ዳኞቹ ሎሪላርድና ወረቀት ሠሪው 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፍሉት ፈረዱ። በክርክሩ አንድ የቆየ ውልም ተነሥቷል። በፊልተሩ ምክንያት ሰው ቢጎዳና ቢከስ ኪሳራውን ሎሪላርድ እንደሚሸፍን የሚል ነው። ወረቀት ሠሪው ራሱን መከለሉ ነው። ማጣሪያ ስገዛ ውል እንደማነብ ሰው፣ አንድ አቅራቢ እንዲህ ያለ አንቀጽ ከጠየቀኝ ጨርቁን ሳላይ ሰውየውን ነው የማየው።

በ1956 አስቤስቶሱ ወጣ። ሴሉሎስ አሲቴት በሚባል ሰው ሠራሽ ክር ተተካ። ስሙ ግን አልወጣም፤ ፊልተሩ "ማይክሮናይት" እንደተባለ ቀጠለ።

አሲቴት ጭሱን በመጠኑ ይይዛል፣ ጋዙን ግን አይነካም። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ወደ ጭንብሉ ታሪክ ተመለሱ። ለጋዙ ከሰል! በ1958 ታሬይተን፣ በ1963 ላርክ የተባሉት ሲጋራዎች የካርቦን ቅንጣት ያለበት ፊልተር ይዘው መጡ። እዚህ ላይ የሥራችን ዋና ራስ ምታት ይጀምራል። ቅንጣቱን ክሩ ላይ በምን ታስቀምጠዋለህ?

ዝም ብለህ ብትነሰንሰው ይራገፋል። በሙጫ ብትለጥፈው ሙጫው የካርቦኑን ስንጥቅ ይደፍነዋል፤ ያ 1,000 ካሬ ሜትር ገጽ እንደተለቀለቀ ግድግዳ ይሆናል። ይይዛል ግን አይሠራም። ብልሃቱ ትንሽ ቦታ ላይ ብቻ መለጠፍ ነው። አሁን ብዙ ቦታ የሚሠራበት ክር ሁለት ፕላስቲክ ያለው ነው። ውስጡ በከፍተኛ ሙቀት የሚቀልጥ፣ ልባሱ ቀደም ብሎ የሚቀልጥ። ልባሱ ፖሊኤቲሊን ከሆነ 130 ዲግሪ ገደማ ላይ ይለሰልሳል፤ የውስጡ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቅንጣቱ ክሩን በነካበት ነጥብ ብቻ ይጣበቃል። የቀረው ገጹ ለሥራ ነፃ ነው። በማጉያ ስታየው በሽቦ ላይ እንደሰፈሩ ጥቋቁር ወፎች ነው የሚመስለው። ሙቀቱ ትንሽ ሲበዛ ወፎቹ ይሰምጣሉ፤ ሲያንስ ይበራሉ።

መብረራቸው ደግሞ ወሬ አይደለም። በ1997 አሜሪካ ውስጥ ቡፋሎ ከተማ የሚገኙ ተመራማሪዎች ካርቦን ያለባቸውን ሲጋራዎች ሲፈትሹ ጥቁር ቅንጣቶች ከፊልተሩ ጫፍ ሲወጡ አይተዋል። ካርቦን አስቤስቶስ አይደለም፤ ሁለቱን እኩል ማስፈራሪያ ማድረግ ነውር ነው። ግን ጥያቄው ከ40 ዓመት በኋላም ያው ጥያቄ ነበር።

ባለፈው የጎረቤቴን የእትዬን ቤት የውሃ ማጣሪያ ገጠምኩላቸው። ቧንቧውን ከፈትኩ። ወተት ብርጭቋቸው ውስጥ የወረደው ውሃ የጉልት ከሰል የታጠበበት ይመስላል። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አዩት።

"ልጄ፣ ገንዘቤን ከፍዬ ውሃዬን አጠቆርኩ እንዴ?"

"የካርቦኑ ብናኝ ነው እትዬ። ሲጓጓዝ የተፋቀ ነው፤ አሥር ደቂቃ ሲፈስ ይጠራል።"

"ካልጠራስ?"

ጥሩ ጥያቄ ነው። አሥር ደቂቃ አፈሰስን። ጠራ። እሳቸው ግን አልረኩም፤ ሌላ አሥር ደቂቃ አስፈሰሱኝ። ለእቃ ማጠቢያ ይሆናል ብለው በባልዲ አጠራቀሙት። ነቅዬ ያወጣሁትን አሮጌ ካርትሪጅ (የማጣሪያውን ተቀያሪ ክፍል) ቤቴ ወስጄ በመጋዝ ቀደድኩት። የታጠፈ ወረቀት ነው፤ ካርቦኑ በእጥፋቱ ሸንተረር ላይ ሳስቷል፣ በሸለቆው ግን እንደነበረ አለ። ወረቀቱ ሲታጠፍ ሸንተረሩ ላይ ያለው ክር ይለጠጣል፣ ቅንጣቱን የያዘችው ነጥብ ትበጠሳለች። የሻጩ ወረቀት ይህን አይልም። ክሎሪን ይቀንሳል ይላል፣ ሽታ ያጠፋል ይላል፣ ስንት ሺህ ሊትር እንደሚያጣራ ይናገራል።

አሁን አዲስ ዕቃ ሲመጣልኝ ነጭ ጨርቅ ዘርግቼ ሦስት ጊዜ መታ መታ አደርገዋለሁ። ከዚያ እጥፋቱን በጣቴ ሄድ መለስ አድርጌ ጨርቁን በብርሃን አያለሁ። የካርቦን ብናኝ ይታያል። የኬንትን ፊልተር እንደዚህ ብመታው ኖሮ ግን ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ይቀር ነበር። ለዚህም ነው ከጨርቁ በኋላ አቅራቢውን በጽሑፍ የምጠይቀው፤ ክሩ ከምን ነው፣ ቅንጣቱ በምን ተያዘ፣ ሲራገፍ የለካችሁት በምንድን ነው። ባለፈው ወር ከሦስት አቅራቢዎች ሁለቱ ለመጨረሻው ጥያቄ የላኩልኝ መልስ ስንት እንደሚይዝ የሚናገረውን ሰንጠረዥ ነው።